ለሠራተኛ ቤት ስመርጥ ኖርኩ

ሥራ ካቆምኩ ወዲህ ስልኬ ሲጮኽ ደስ ይለኛል፤ አላነሣውማ! አንዳንድ ቀን ካሰኘኝ አነሣዋለሁ። ከካርቱም ሀብታም ሰፈሮች፣ ከሪያድ ወይም ከካፉሪ፣ አንዷ እመቤት ትሆንና «ኻልቲ ሰዓዳ፣ ጎበዝ ሠራተኛ አለችሽ?» ትለኛለች፤ ኻልቲ አክስቴ ማለታቸው ነው። «ኸላስ፣ በቃ፣ እኔ አርፌያለሁ፣ ፌስቡክ ላይ ፈልጊ» እላትና እዘጋዋለሁ። እኔን ትተው ወደ ስልክ የሮጡት እነሱ ናቸው። አሁን ደግሞ በፎቶ ያመጧት ሠራተኛ በሳምንቷ ጥላቸው ስትሄድ ሰዓዳ ትዝ ትላቸዋለች።

ካርቱም ውስጥ ለአገሬ ሴቶች ሥራ አገናኝ ነበርኩ። ደላላ ብትሉኝም አልቀየምም። ክፍያዬን የምቀበለው ከእመቤቲቱ ነው፤ ከሴቶቹ ሰባራ ሳንቲም ነክቼ አላውቅም። ስለ ገንዘብ የማወራው ይኸው ነው። ብዙ ሰው የደላላ ሥራ አንዲትን ሴት ይዞ በር ማንኳኳት ይመስለዋል። በር ማንኳኳትማ ማንም ያንኳኳል። የኔ ሥራ ለሴትየዋ ቤት መምረጥ ነበር። እመቤቶቹ መራጮቹ እነሱ እንደሆኑ እንዲያስቡ እተዋቸዋለሁ፤ ምን ቸገረኝ።

ይህን ሙያ ያስተማሩኝ እትዬ ዘምዘም ናቸው። እንደኔው የወሎ ሰው ነበሩ፤ ካርቱም የገቡት ግን ከኔ ብዙ ቀደም ብለው ነው። አል-ሳሃፋ የሚባል ሰፈር ውስጥ ሁለት ክፍል ተከራይተው ከመንገድ የመጣችውን ሁሉ ይቀበሉ ነበር። እኔም ከመንገድ የመጣሁ ዕለት ያረፍኩት እሳቸው ቤት ነው። መጀመሪያ የቀጠሩኝ እሳቸው ያገኙልኝ ሰዎች ነበሩ፤ ረጅም ዘመን በሰው ቤት ከሠራሁ በኋላ ደግሞ «አንቺ አፍ አለሽ፣ ከኔ ጋር ሁኚ» ብለው ረዳታቸው አደረጉኝ። አፍ እንዳለኝ እስከዛሬ የተጠራጠረ የለም።

እትዬ ዘምዘም ቤቱን ራሳቸው ሄደው ሳያዩ ሠራተኛ አይልኩም። ሳሎን ይቀመጡና ሌላ ወሬ ሳይጀመር «እስቲ ውሃ ስጡኝ» ይላሉ። የሚያዩት ማን እንደሚነሣ ነው። እመቤቲቱ ራሷ ከተነሣች ጥሩ ቤት ነው። ሰው በስም ጠርታ ካዘዘችም ደህና። «አንቺ!» ብላ ከጮኸች ግን ውሃቸውን ጠጥተው፣ አመስግነው፣ ይወጣሉ፤ ያ ቤት ከዚያ ወዲያ ከእሳቸው ሠራተኛ አያገኝም።

ቀጥሎ ሠራተኛዋ የምታድርበትን ክፍል ያያሉ። አልጋውን ሳይሆን በሩን። መቀርቀሪያው ከውስጥ ነው ወይስ ከውጭ? ከውጭ ብቻ ከሆነ አለቀ። መጨረሻ ላይ «የበፊቷ ለምን ሄደች?» ይላሉ። አንዷ እመቤት የሪያድ ቪላዋ ውስጥ ቁጭ ብላ እስከዚያ ቀን የሠሩላትን ሁሉ አንድ በአንድ እየጠራች ሌባ ስትላቸው እትዬ ዘምዘም ዙሪያቸውን ተመለከቱና «ሁሉም ሌባ ከነበሩ ይሄ ሁሉ ዕቃ እንዴት ተረፈሽ?» አሏት። እኔ ሳቄን ለማፈን መሬት መሬት አየሁ።

ከዚያ ደግሞ ሴቶቹን ማሰልጠን አለ። ምግቡንና ጽዳቱን ያውቁታል፤ የማያውቁት ማወቃቸውን መናገር ነው። እኛ አገር «ጎበዝ ነኝ» ማለት ነውር አይደል? እመቤቲቱ «ወጥ ትሠሪያለሽ?» ትላለች። ሠርግ ሙሉ ሰው ስትመግብ የኖረችው ሴት አንገቷን ደፍታ «ሹወያ» ትላለች፤ ትንሽ ትንሽ ማለቷ ነው። «ልብስ መተኮስስ?» «ሹወያ።» ሱዳኗ ምን ታድርግ፣ ምንም የማትችል አምጥተሽብኛል ብላ እኔን ትቆጣለች። እትዬ ዘምዘም እያንዳንዷን ፊታቸው አቁመው «አውቃለሁ በዪ! ጮክ ብለሽ!» እያሉ ያስለፈልፏት ነበር፤ እኔም ከሳቸው ወረስኩ። ስንቷ ሴት «አውቃለሁ» ብላ ስትጨርስ ሰርቃ እንደተያዘች ሰው ፊቷን ሸፍናለች።

ትንፋሻችንም ሥራ አሳጥቶናል። እኛ አዎ ለማለት አየር ወደ ውስጥ ሳብ ካደረግን ይበቃናል። ሱዳኖቹ ይህን አያውቁም። አንዲት ሐኪም እመቤት ይዤላት የሄድኩትን ሴት ጥያቄ በጠየቀቻት ቁጥር ሳብ፣ ሳብ ስታደርግባት ጊዜ ወደ ጓዳ ጠራችኝና «ኻልቲ፣ ልጅቷ አስም አለባት፤ መጀመሪያ ትታከም» አለችኝ። ምንም እንዳልሆነች እስካስረዳት ላብ በላብ ሆንኩ።

እንዲህ ስል ሁሉ ተሳክቶልኝ የኖርኩ እንዳይመስላችሁ። ፋጡማ የምትባል ነበረች፤ እጇ ወርቅ የሆነ ሴት። ቤቷን ሪያድ መረጥኩላት፤ ውሃውም በሩም ደህና ነበር። «ከኋላሽ ማን አለ? የምታሳድጊው ሕፃን አለሽ?» ብዬ ጠይቄያታለሁ። «ማንም የለኝ» አለችኝ። ለካ ገና ጡት ያልጣለ ወንድ ልጅ ጅሬፍ በሚባለው ሰፈር ጎረቤቷ ዘንድ አስቀምጣለች። አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ልጁ በትኩሳት ተቃጠለ የሚል መልእክት ደረሳት። የአሠሪዋን ትንሽ ልጅ ብቻዋን ቤት ውስጥ ትታ፣ በሩን እንኳ ሳትዘጋ ሮጠች። እመቤቲቱ ስትመለስ በሩ ወለል ብሎ፣ ልጇ ደጅ ቆማ ስታለቅስ አገኘቻት። ፖሊስ ጠራች፤ በእሷ ቦታ ብሆን እኔም እጠራ ነበር።

ፋጡማን ከሐኪም ቤት ነው የያዟት። ኢቃማዋ፣ የመኖሪያ ወረቀቷ ማለት ነው፣ ጊዜው አልፎ ነበርና ከነልጇ ወደ ድንበር ላኳት። ፖሊስ ጣቢያ ተመላለስኩ፣ ለመንኩ፣ ጮኽኩ፤ ምንም አላተረፍኩ። ልጁ መዳኑን አውቃለሁ፤ ከዚያ ወዲያ የት እንደደረሱ አላውቅም። እትዬ ዘምዘም በዚያ ሰሞን ጠቅልለው ወደ አገር ሊመለሱ ዕቃ እያሰሩ ነበር። እኔ ንድድ ብሎኝ ገባሁ።

«ጠይቄያት ዋሸችኝ!» አልኳቸው።

ገመዱን ከመቋጠር ቀና አላሉም። «እውነቱን ብትነግርሽ ኖሮ ምን ታደርጊ ነበር?»

«ምን አደርጋለሁ፣ ልጅ ያላትን የሚወስድ ቤት የለም። እመልሳት ነበር።»

«እንግዲያው ለምን ትነግርሽ?»

የገመዱን ሌላ ጫፍ ያዝኩላቸው። እትዬ ዘምዘም «ይህን ነገር እኔ ሳልፈታው መሄዴ ነው፤ ካንቺ ይጠበቃል» አሉኝና ቋጠሯቸውን አጠበቁ።

ከዚያ በኋላ ዓመታት አለፉ፣ እኔም አልፈታሁትም። የሱዳን አብዮት መጣ። ዳቦ ጠፋ፣ ቤንዚን ጠፋ፣ የአል-ሳሃፋ መንገድ በጎማ ጭስ ጠቆረ። ሕዝቡ ከጦር ሠራዊቱ መሥሪያ ቤት ፊት ለፊት ለተቃውሞ የተቀመጠ ጊዜ ከሴቶቼ አንዳንዶቹ በዕረፍት ቀናቸው እየሄዱ ለተቀመጡት ምግብ ያበስሉ ነበር። «እናንተን ምን አገባችሁ?» ስላቸው «እትዬ፣ ሲዘፍኑ ደስ ይላል» ይሉኛል። እኔም አንድ ቀን ሄጄ አየሁ፤ እውነትም ደስ ይላል። ሥራዬ ግን ከዚያ በፊት ጀምሮ እየሞተ ነበር። እመቤቶቹ በስልክ ቡድን ላይ ፎቶ እያዩ መቅጠር ለምደው ደጄን ረስተውት ነበር።

ረመዳን ሊያልቅ ሲል ተቀማጩ ሕዝብ በኃይል ተበተነ። መንገዱ በጡብና በድንጋይ ታጠረ፤ ኢንተርኔቱም ተቆረጠ። ስንት እናት እያለቀሰች ደስ አለኝ አልልም፤ ደስም አላለኝ። ግን ስልኩ ያለ ሥራ ቀረ፤ የስልኩ ሥራ ደግሞ ወደኔ ተመለሰ። እመቤቶቹ በረክሻ፣ በባጃጅ ማለት ነው፣ እየተሳፈሩ፣ የታጠረውን መንገድ እየዞሩ፣ አቧራ ለብሰው ደጄ ይቆሙ ጀመር።

ዘሀራ የመጣችው በዚያ ሳምንት ነው። ሐያት የምትባል፣ ገና አምስት ዓመት ያልሞላት ልጇን አዝላ፣ ፌስታል አንጠልጥላ። ባሏ በሊቢያ በኩል እሻገራለሁ ብሎ ከወጣ ድምፁ ጠፍቷል። ከነልጇ ውላ ትገባባቸው የነበሩት አሠሪዎቿ ነገሩ ሲከፋ ቤታቸውን ቆልፈው ካይሮ ሄደዋል። እኔ ገና አፌን ሳልከፍት እሷ ሁሉን ጨርሳ መጥታለች።

«እትዬ ሰዓዳ፣ ልጅ ያላትን አሳድሮ የሚቀጥር እንደሌለ አውቃለሁ። አንዲት የአገሬ ሴት፣ ነጋዴ ናት፣ ቅዳሜ በጭነት መኪና ወደ መተማ ትሄዳለች። ሐያትን ለእናቴ ታደርስልኛለች። ከዚያ ብቻዬን ነኝ፣ የፈለጉት ቤት ያስገቡኝ።»

«ሐያት ታውቃለች?»

አየር ወደ ውስጥ ሳበች፤ ከዚያ ደግሞ ራሷን ወዲያ ወዲህ ነቀነቀች። ምኑን እንደምይዝ ግራ ገባኝ፤ ኋላ ነው ልጅቷ አለማወቋን የተረዳሁት። ሐያት ግቢው ውስጥ ከጎረቤት ልጆች ጋር በዐረብኛ ትጣላለች። ካርቱም የተወለደች ናትና አማርኛዋ ሁለት ሦስት ቃል ነው። አያቷን አይታት አታውቅም፤ ብትደርስም በምን ቋንቋ ሊያወሩ ነው? ያቺን ልጅ ጭነት መኪና ላይ ሳስባት የእትዬ ዘምዘም ጥያቄ ከነድምፃቸው መጣብኝ።

«እስከ ቅዳሜ ለኔ ተያት» አልኳት። «ለሁለታችሁም የሚሆን ቤት እፈልጋለሁ።»

ሥራ እስኪገኝላቸው ከኔ ጋር ያረፉት ሴቶች ሳቁብኝ። አንዷማ «እትዬ ሰዓዳ አረጁ» ስትል ሰምቻታለሁ።

ረቡዕ ዕለት ሐጃ ነፊሳ ከካፉሪ መጡ። ሰባ ያለፋቸው፣ ወንዶች ልጆቻቸው ባሕረ ሰላጤ አገር የሚሠሩ፣ ትልቅ ቤት ውስጥ ብቻቸውን የሚኖሩ ሴት ናቸው። ባለፈው ዓመት «እኔ በስልኬ ነው የምቀጥረው» ብለው የኮሩብኝ እሳቸው ነበሩ። አሁን ከረክሻው ወርደው የተከናነቡትን ቶብ እያራገፉ «ያ ሰዓዳ፣ ዝምተኛ፣ ባልም ልጅም የሌላት፣ ስልክ የማታበዛ ሴት ስጪኝ» አሉኝ።

«ቤትዎን ሳላይ አልልክም።»

«ከካፉሪ እዚህ ድረስ የመጣሁት እኔ፣ ደግሞ ልትመረምሪኝ ነው?»

«አዎ» አልኳቸው፤ በአፌ፣ በትንፋሽ ሳይሆን።

እየተነጫነጩ በዚያው ረክሻ ይዘውኝ ሄዱ። ውሃ ጠየቅሁ። ጉልበታቸውን እያሻሹ፣ ግድግዳ እየያዙ፣ ራሳቸው ሄደው አመጡልኝ። የክፍሉ መቀርቀሪያ ከውስጥ ነው። የበፊቷ ለምን ሄደች ስላቸው «አገባች፤ አልጋዋን መርቄ ሰጠኋት፣ ስለዚህ ክፍሉ ባዶ ነው፣ አልጋ እንገዛለን» አሉኝ። እንዲህ ያለ ቤት በዓመት አንድ ቢገኝ ነው። ሳልሸፋፍን ነገርኳቸው።

«ሐጃ፣ ያለችኝ ሴት ልጅ አላት። ሁለቱን አብረው ነው የሚወስዷቸው።»

«ላ! ላ! አይሆንም፣ እኔ ጸጥታ ነው የምፈልገው።»

«ነገ ይዣቸው እመጣለሁ። ይዩአቸውና ላ ይበሉን።»

«ማየት አይከለከልም» አሉ፤ ፊታቸው ግን ተከልክሏል ይላል።

ማታውን ዘሀራን አሠለጠንኳት። አውቃለሁ በዪ፣ ቀና በዪ፣ ትንፋሽ አትሳቢ። ሐሙስ ረፋዱ ላይ ሐያትን ፊቷን አሳጥበን ካፉሪ ገባን። ሐጃ ነፊሳ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ከላይ እስከ ታች አዩዋት።

«ዌካ ትሠሪያለሽ?» አሏት። የደረቀ ባሚያ ወጥ ነው፤ ሱዳን ያለሱ ምሳ የበላ አይመስለውም።

«ሹወያ» አለች ዘሀራ።

«ኪስራስ፣ የኛን ስስ እንጀራ፣ ትጋግሪያለሽ?»

«ሹወያ።»

«ልብስ ታጥቢያለሽ?»

ትንፋሿን ሳበች። እኔ በዓይኔ ልበላት ደረስኩ። ሐጃ ነፊሳ ወደኔ ዞር ብለው «ጎበዝ ያልሽኝ ይህችን ነው?» የሚል ፊት አሳዩኝ፤ ከዚያ ሐያትን ጠቆሙ።

«ይህችስ፣ ያንቺ ልጅ ናት?»

ዘሀራ የሴትየዋን ፊት አይታ ደነገጠች። ሁሉንም እንደነገርኳቸው እያወቀች፣ መሬት መሬት እያየች፣ «አይደለችም፣ የጎረቤት ናት» አለች።

ሐያት ከእናቷ ቀሚስ ሥር ወጥታ እጆቿን ወገቧ ላይ አደረገች። «ዩማ! ለምን ትዋሻለሽ?» አለቻት በዐረብኛ። ሱዳኖች እናታቸውን የሚጠሩት እንደዚያ ነው። ወደ ሐጃ ዞረችና ቀጠለች። «እናቴ ናት። ዌካ ትሠራለች። ኪስራዋ ስስ ነው፣ አይቀደድም። ኻልቲ ሰዓዳ ራሷ እናትሽ ከኔ ትበልጣለች ብላለች።»

ሐጃ ነፊሳ ቅንድባቸውን አነሡ። «ኻልቲ ሰዓዳ እንዲህ አለች?»

«ብያለሁ» አልኩ። «በሷ ፊት ግን አልነበረም።»

በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ምስክርነት ሰምቼ አላውቅም። ስንቷን ሴት ቁማ «አውቃለሁ» እንድትል ስለፋ የኖርኩትን እኔን፣ ማንም ያላስተማራት ሕፃን ቀደመችኝ። ሐጃ ነፊሳ ከንፈራቸው ሊስቅ ሲል መልሰው ቆጣ አሉ።

«አንቺ ትናንት እውነቱን ነገርሽኝ። እሷ ግን በገባች ሰዓት ዋሸችኝ። የሚዋሽ ሰው ቤቴ ውስጥ?»

«ትናንት እውነቱን ስነግርዎ ምን አሉኝ?» አልኳቸው። «ላ አሉኝ። ታዲያ ለምን እውነት ትንገርዎ?»

ከዚያ የፋጡማን ነገር አወራኋቸው፤ ስለ ተከፈተው በር፣ ደጅ ቆማ ስላለቀሰችው የሰው ልጅ፣ በትኩሳት ስለተያዘው ሕፃን። «ልጇን ከደበቀች ሴት ጋር ነው ሰላም የማይኖረው። ይህች ግን ልጇ አጠገቧ ስላለች የትም አትሮጥም» አልኳቸው።

«ደህና» አሉ በመጨረሻ። «ተጅሪባ እናድርግ። ጥቂት ቀን ልሞክራቸው።»

የሙከራ ቀን የሙያችን ደንብ ነው። ለሴትየዋም መሸሻ ይሆናታልና እምቢ ብዬው አላውቅም። ያን ቀን ግን እምቢ አልኩ።

«አይሆንም ሐጃ። ቅዳሜ መኪናው ይነሣል። ሐያት ከሄደች በኋላ እሺ ቢሉን ምን ይጠቅመናል? ቆይታ ላ ከተባለች ደግሞ መኪናው አምልጧታል። ዛሬ እሺ ወይም ላ።»

ዘሀራ ከኋላ ልብሴን ትጎትታለች። ያንን የመሰለ ቤት ከእጄ ላወጣው እንደሆነ አላጣሁትም። ሐጃ ነፊሳ «በገዛ ቤቴ ትዕዛዝ!» አሉና ከኔ ላይ ዓይናቸውን አንሥተው ዘሀራን አዩ።

«ልጅሽን ቅዳሜ ልትልኪያት ነበር?»

ዘሀራ ቀና አለች። አልተሽኮረመመችም፣ ትንፋሽም አልሳበች። «አዎ። ሥራ ካላገኘሁ እሷንም እኔንም ማን ያበላናል? ግን ከሄደች በኋላ እኔን ሰው አትበሉኝ» አለች፤ ዐረብኛዋ ተሰባብሮ፣ ድምጿ ግን ሙሉ ነበር።

ሐያት መኪና የሚለውን ነገር ያን ጊዜ ገና መስማቷ ነው። አንዴ እናቷን አንዴ ሐጃን አየች። አላለቀሰችም። የእናቷን ቀሚስ በሁለት እጇ ጨበጠች፤ ያ ከልቅሶ ባሰብኝ።

ሐጃ ነፊሳ ዓይናቸውን ወደ ሐያት መለሱ። «እኔም ልጆቼን ለእንጀራ ብዬ ሸኝቻለሁ» አሉ። «ተመልሰው ሲመጡ እንግዳ ሆነውብኛል። ሻይ ስንት ስኳር ነው ብዬ እጠይቃቸዋለሁ፣ የገዛ ልጆቼን።» ከዚያ እጃቸውን አወናጨፉ። «ኸላስ። ያ ሰዓዳ፣ አልጋው ሰፋ ያለ ይሁን። አብረው ነው የሚተኙት።»

ቅዳሜ ጠዋት መኪናው ዘንድ ሄጄ ለነጋዴዋ ሴት ሐያት እንደማትሄድ ነገርኳት። ለመንገድ የሚሆናት ብስኩት ገዝታ፣ ከከረጢቶቹ መሀል ቦታ አመቻችታ ጠብቃን ነበር። «ካፉሪ? ከነልጇ?» አለችና አላመነችኝም። አልፈረድኩባትም።

የዘሀራ የኢቃማ ጉዳይ ብዙ ወር ፈጀ፤ ሐጃ ነፊሳ ዋስ ሆነው አስጨረሱት። ከሁሉ በፊት ግን ኢንተርኔቱ ተመለሰ። ስልኬ ጠዋት ላይ ይንጫጫ ጀመር። የታገደው የሰላምታ፣ የልቅሶ፣ የምሥራች መልእክት ሁሉ በአንድ ላይ ሲጎርፍ ከመሀሉ ከሐጃ ነፊሳ ስልክ የተላከ የድምፅ መልእክት አገኘሁ። አባረሯቸው ብዬ ፈርቼ ቆሜ ከፈትኩት። የሐያት ድምፅ ነው።

«ኻልቲ ሰዓዳ፣ ጎረቤታችን ሠራተኛ ትፈልጋለች። ልጅ ያላት ትሁን ብለናታል፣ እሺ ብላለች። ልጅቷ የኔ እኩያ ትሁን። ያላ፣ ቶሎ ላኪልን።»

ከኋላዋ ሐጃ ነፊሳ «ወንድ ልጅም ቢሆን ግድ የለም በያት» ሲሉ ይሰማል።

ተቀምጬ ደግሜ ሰማሁት፤ አለቀስኩም። ልጅ ያላት ሴት የለችሽም ወይ ብሎ ሰው ሲጠይቀኝ በሥራ ዘመኔ ያ የመጀመሪያዬ ነው።